ለብቻ የማይቀመጡበት አግዳሚ

እናቴ የሠራሁትን ዕቃ ሁሉ የምትቀበለው በአንድ ጥያቄ ነበር። «ይሄስ ለምን ይሆናል?» ትላለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ስልክ ካላስቀመጡበት የማይበራ መብራት የሠራሁ ጊዜም እንደዚሁ ጠየቀችኝ። ሰው ቤቱ ሲገባ ስልኩን አስቀምጦ ከቤተሰቡ ጋር እንዲጫወት ነው አልኳት። «ታዲያ ስልክ የሌለው ሰው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ?» አለችኝ። ስንት ዓመት ዲዛይን የተማርኩት ለዚህች ጥያቄ ነው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ስመለስ የአባቴን አሮጌ ስልክ፣ ያቺን ባለ ቁልፏን፣ መብራቱ ላይ አስቀምጣ በብርሃኑ ምስር ትለቅማለች።

ሥራዬን ለማያውቀኝ ሰው ማስረዳት እስከ ዛሬ ያታክተኛል። የቤት ዕቃ ነው እንዳልል እንደ ቤት ዕቃ አያገለግልም፤ ሥዕል ነው እንዳልል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ወንበር እሠራለሁ፣ ግን ወንበሩ ከመቀመጫነቱ ሌላ የሚናገረው ነገር አለው። በቃ እንደዚህ ነው፣ ከዚህ በላይ ላስረዳ ብል እኔም ይጠፋብኛል። አስተማሪዎቻችን «ዕቃው ሰውን ማሳሰብ አለበት» ይሉን ነበር። ይህንን ለእናቴ ብነግራት «ማሰብ እኮ በነጻ ነው የኔ እመቤት፤ ሳንቃ አይፈጅም» ብላ ሳቀችብኝ።

አባቴ ግን አይጠይቅም። ዕቃውን ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ «ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ ይሄዳል። ይሄ ከእናቴ ጥያቄ ይብስብኝ ነበር። የማይወዱትን ምግብ «ጨው አላነሰውም» እንደማለት ነው እኮ!

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ነጠላና ጋቢ ከሚሰቀልባቸው ሱቆች ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ። አባቴ ሸማኔ ነው። በወጣትነቱ ከጋሞ ተነስቶ መጣ፤ የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አውርዶ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሲሸምን ኖረ። እናቴ ከጎኑ ሆና ክር ታጠነጥንለታለች። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ። ጓሮውን በቆርቆሮ ከልዬ የእንጨት ሥራዬን የምሠራው እዚያው ነው፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሦስታችንም ድምፅ ለሦስታችንም ይሰማል።

የቤታችን አንድ ልማድ አለ። ድር ሲወጠር አንዱ ጫፍ አባቴ ጋ፣ ሌላው እናቴ ጋ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ሳይናገሩ ከተነሱ ክሩ ይረግባል፣ ይተበተባል፣ የግማሽ ቀን ድካም ገደል ይገባል። ስለዚህ ማንም «ልነሳ ነው» ሳይል አይነሳም። ልማዱ ከድሩ አልፎ ወደ ምሳው ገበታ ገባ፣ ከዚያም የጸሎት ቤት አግዳሚ ላይ ወጣ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መምህሯ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፊ ስትለኝ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ «ልነሳ ነው» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገድዬዋለሁ። ሰው ሁሉ በቤቱ እንዲህ የሚል ይመስለኝ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ደግሞ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። «ይህን የተረተው ሰው ሸምኖ አያውቅም» ይላል፤ «ድር ከድር ጋር ካበረ ትብትብ ነው። ድርን የሚያቆመው በሁለቱም ጫፍ ሰው መኖሩ ነው።»

አግዳሚውን ያሰብኩት ከዚህ ነው። ቀጨኔ ካለ እንጨት ሻጭ ከፈረሰ ቤት የወጣ ረጅም የጥድ ሳንቃ ገዛሁ። ላጥኩት፣ አለሰለስኩት፣ ከመሐሉ ሥር አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ገጠምኩለት። ዳርና ዳር እግር የለውም። አንድ ሰው ብቻውን ጫፉ ላይ ከተቀመጠ በዚያ በኩል ዘጭ ይላል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ከተቀመጠ እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወፈር ያለው ትንሽ ወደ መሐል መጠጋት አለበት። አንዱ ሳይናገር ብድግ ካለ ሌላው መሬት ላይ ነው።

እናቴ መጣች። «ይሄስ ለምን ይሆናል?» ተቀመጪ አልኳት። ዘጭ አለችና ጮኸች፤ ሮጬ በሌላው ጫፍ ተቀመጥኩ፣ ከፍ አለች። እግሯን እንደ ሕፃን አወዛወዘች። ድስት ትዝ ሲላት «ልነሳ ነው» አለችኝ፣ ሳላስተምራት። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «ይሄ እንኳ ይሆናል» አለች። ለምን እንደሚሆን ግን አልነገረችኝም። በሕይወቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ያቺ ትበልጥብኛለች። አባቴን ና ሞክረው ስለው «ጉልበቴን» ብሎ አሳበበ። መጋጠሚያውን ዳሰሰና «ንጹሕ ሥራ ነው» አለ። አይ አባዬ!

ስድስት ኪሎ አካባቢ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጅ ሴትዮ ፎቶውን አይታ ወደደችው። ቀን ቆረጥን። ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ሞተች።

ማለዳ ማለዳ ለጸሎት ትነሳ ነበር። ሁልጊዜ አባቴን ነካ አድርጋ «ልነሳ ነው» ትለዋለች። አንዳንድ ቀን «እሺ» ብሎ ይገለበጣል፣ አንዳንድ ቀን አብሯት ይነሳል። ያን ቀን ግን ሳል ሲያጣድፈው ቆይቶ ገና ማሸለቡ ነበር። አሳዘናት መሰለኝ፣ ሳትነካው ተነሳች። በረንዳው ላይ ወድቃ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ፤ ማንም አጠገቧ ቢኖር የሚያደርግላት ነገር አልነበረም አሉ። አባቴ ይህንን ሰምቶ አንገቱን ነቀነቀ። አላለቀሰም፤ አንዲት ቃል አልተናገረም።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚዎቻቸውን አወረዱ። ጓሮ ሲገቡ የኔን አግዳሚ አንድ ጎኑ መሬት ነክቶ ተጋድሞ አገኙት። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። የእድሩ ንብረት መሰላቸውና «ይሄን እግር ማን ነው የነቀለው? የሕዝብ ዕቃ እንዲህ ይደረጋል?» ብለው በሰው ፊት ሁሉ ተቆጡ። ዳርና ዳሩን ብሎኬት አስደገፉት። አሳምረው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጡት፤ ሐዘንተኛው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እኔ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፣ ምኑንም አላየሁ።

ከቀብር እስክንመለስ ደግሞ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ለትልቁ ብረት ድስት ጉልቻ ቸገራቸው። ዞር ዞር ቢሉ ሁለት ብሎኬት። ወሰዷቸው፣ ምን ያድርጉ።

አባቴ ከመቃብር መጣና በሰዎች ተደግፎ እዚያ ተቀመጠ። ዘጭ! ድንኳኑ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» አለ። ራሱን ስቶ የወደቀ መስሏቸው አንዷ ውኃ ደፋችበት፣ አንዱ ክራቫቱን ሊፈታ አነቀው። ዳኛው ሊያነሱት ተንደርድረው መጡና ተደናቅፈው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ አባቴ ውኃ እየተንጠባጠበው ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ሁለቱም ጫፍና ጫፍ ላይ ተፋጠጡ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ «ይቅርታ፣ የኔ ነው፣ የእድሩ አይደለም፣ አሁን አስወጣዋለሁ» አልኩ። አባቴ እጁን አነሳና «ተዪው» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገራት ቃል ያቺ ብቻ ነበረች። ዳኛው እንግዳ ሊቀበሉ ብድግ ሲሉ አባቴ ወደ ታች ወረደ፤ ደንግጠው መልሰው ተቀመጡ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንገሩት» አልኳቸው። «ሌላ ሰው ሲተካዎት ነው የሚነሱት።» ሰውዬው እንደ ትልቅ ሕግ ተቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ቀን አባቴ ለአፍታ ብቻውን አልሆነም። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ልማዱ ይታወቃል፤ ገባ ብሎ ጥግ ይይዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ውልቅ ይላል። እዚህ ግን ውልቅ ማለት የለም። የጸሎት ቤታችን ሰዎች «ጌታ ያጽናናህ» እያሉ፣ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን «ነፍስ ይማር» እያሉ፣ በተራ ሌላውን ጫፍ ያዙ። ጋቢ የሚረከበው ነጋዴ በጣም ወፍራም ነው፤ መሐል ድረስ ተጠግቶ ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ቀጫጭኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀመጡ። ሁሉም ሊሄድ ሲል ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ «ልነሳ ነው» ይላል፤ አባቴም «እሺ» ይላል፤ ሌላው ይተካል። የቤታችንን ቃል ስንት ሰው ሲላት ዋለ! ጓዳ ገብቼ የምንሰቀሰቀው ለእናቴ ይሁን ለዚህ፣ እኔም አላውቅም።

አባቴ ግን ያው ነበር። ዓይኑ ደረቅ ነው። ከ«እሺ» ሌላ ከአፉ ቃል አይወጣም፣ ስሟን አይጠራም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ስትል ሰማኋት። የያዝኩትን ትሪ እስከነብርጭቆው አናቷ ላይ ልከሰክሰው ነበር፤ እግዜር ነው የያዘኝ። እሷ ምን ታውቃለች! እኔ አባቴን አልፈረድኩበትም፤ ፈራሁለት እንጂ። ከሀገር ቤት የመጣችው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ጓዳ ጠራችኝና እጄን ይዛ ቁርጡን ነገረችኝ። «ሳትነግረው መሄዷ ነው ያነቀው። ይህንን ከአፉ አውጥቶ ካላለቀሰ ይገድለዋል። አባታችንም እንዲሁ ዝም ብሎ ነው እናታችንን የተከተላት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ አባቴ ያቺን ነገር እንዲናገር ብቻ።

ድንኳኑ ሲነሳ ዳኛው ወደ እኔ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይቺን አግዳሚ ለእድሩ ስጪን» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሐዘንተኛ አስቀምጫለሁ። ሰው አጠገቡ እንዲቆይ እየለመንኩ ነው የኖርኩት። ይቺ ግን አትለምንም።» እናቴ ይህንን ሳትሰማ መሞቷ አንጀቴን አሳረረው። እሺም እምቢም ሳልላቸው ቆሜ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ጉዳዩን ለሌላ ቀን ተዉት።

ሰው ከሄደ በኋላ ቤቱ ሰፋ። አባቴ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ መወርወሪያውን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። አልሸመነም። የሚበላውም ለስሙ ነው። ጠዋትና ከሰዓት እጁን ይዤ ጓሮ አወጣዋለሁ፤ አግዳሚው ላይ ጫፍና ጫፍ እንቀመጣለን። አወራለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውኃው ወረፋ፣ ስለ አክስቴ ጉንፋን። አንዴ ጨክኜ «አባዬ፣ እኮ ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት። «ልነሳ ነው» አለኝ። አብረን ተነሳን። ሁለተኛ ለማንሳት ድፍረቱን አጣሁ።

ኤግዚቢሽኑ ሲቃረብ ለሴትዮዋ ደውዬ ተዪኝ አልመጣም አልኳት። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ አባቴ ሰምቶኝ ጓሮ መጣ።

«አግዳሚው ለምንድን ነው የማይሄደው?» አለኝ።

«አንተ ምን ላይ ትቀመጣለህ?»

አሰበ። «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

እንዲህ ሆኖ በፒክአፕ ወረድን፤ አግዳሚው ከኋላ፣ አባቴ የጸሎት ቤት ኮቱን ለብሶ ጋቢውን ደርቦ ከፊት። አዳራሹ በኔ ቢጤዎች ሥራ ተሞልቷል። አንዱ ፊት የማያሳይ መስታወት ሠርቷል፤ አንዷ ውስጡ ሰዓት የሚቆጥር የሸክላ ማሰሮ። አባቴ እያንዳንዱን ዞሮ አየ፣ መጋጠሚያ ያለውን ሁሉ ዳሰሰ። «ንጹሕ ነው» «ይሄኛው አልጸዳም» ይላል ጮክ ብሎ። ባለቤቶቹ አጠገቡ ቆመው እንደ ተፈታኝ ይጠብቃሉ።

የኔ አግዳሚ ጋ ስንደርስ ሴትዮዋ ዙሪያውን በቀይ ገመድ አጥራ «እባክዎ አይንኩ» የሚል ጽሑፍ አቁማበታለች። ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ገመዱን ከአንዱ ምሰሶ ፈታ፣ ከሌላው ፈታ፣ እንደ ክር በክርኑና በመዳፉ ዙሪያ በሥርዓት ጠቀለለውና ለጥበቃው ሰጠው። ከዚያ ሄዶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ዘጭ አለ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ፣ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ባዶ ጫፉ አየር ላይ እንደ ተሰቀለ ዝም ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ሴትዮዋ «አባትሽን አንሺያቸው እንጂ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ልሄድ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። አባቴ አየኝና በጣቱ «ቆይ» አለኝ። እኔ እንድቀመጥ አልፈለገም። ሄጄ ከአዳራሹ ምሰሶ ጀርባ ቆምኩ።

ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ የሥራው አካል እየመሰላቸው ፎቶ ያነሱታል፣ ያልፋሉ። እየቆጠርኩ አልነበረም፣ ግን ስንቱ አለፈ! ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ መጣች፤ ከባድ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታለች። ቆመች። ፎቶ አላነሳችም። «አባባ፣ ልቀመጥ?» አለችው። «ተቀመጪ ልጄ» አላት። ጫፉን በእጇ ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች፣ አባቴ ከፍ አለ። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። አባቴ ሲስቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማየቴ ነበር።

እርስዎ ነዎት የሠሩት ስትለው ሰማሁ። «የኔ ልጅ ናት፤ ጥሩ ሥራ ነው» አላት። ንጹሕ አላለም፣ ጥሩ አለ! ስለ ሽመና ጠየቀችው፣ ነገራት። ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፣ ነገረችው። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። አየችውና «ውይ» ብላ ብድግ ልትል ስትል አባቴ ወረደ፤ ሳንቃውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ደንግጣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ይቅርታ አባባ! አፈር ስሆን! ተጎዱ እንዴ?»

«አይዞሽ፣ ምንም አልሆንኩ» አላት። «ብቻ ስትነሺ ንገሪኝ።»

«እሺ አባባ።»

እኔ ምሰሶውን በጥፍሬ ቧጠጥኩት።

«ባለቤቴ» አለ አባቴ፣ «ያን ቀን ሳትነግረኝ ተነሳች። እያሳለኝ ስለነበር ነው፣ ይተኛ ብላ፣ አዝናልኝ ነው። ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር።» ጋቢውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ብትነግረኝ እኮ አብሬያት እነሳ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰ። ትከሻው እየዘለለ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያይ አለቀሰ። ሳንቃው ከሱ ጋር ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷም በሌላው ጫፍ አብራው ከፍ ዝቅ አለች። ስልኳ አሁንም ይጮኻል። ዘጋችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና «አልነሳም አባባ» አለችው።